እትዬና ሃያ አንዱ ግጥሚያ

ታላቅ እህት ያለችበት ቤት ሌላ መንግሥት አያስፈልገውም። ሕጉን ታወጣለች፣ ታስፈጽማለች፣ ይግባኝ ብትልም ችሎቱ ላይ ተቀምጣ የምታገኛት ራሷን ነው። እንዲህ ዓይነት ሴት አላውቅም የሚል አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ። ደግሞ ቀጥ አድርጎ ያውጣ፤ እትዬ የተልፈሰፈሰ እጅ አትወድም።

ስለ ክብርት ታላቅ እህቴ ስጽፍ "አንቱ" እያልኩ ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ይገባታልም። አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። "እትዬ፣ ምሳ በልተዋል?" ብላት ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችና "ትኩሳት አለህ፣ ተኛ" አለችኝ። ምንም ሳያመኝ ግማሽ ቀን ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ "አንቺ" ናት።

ሥልጣኗ በእኛ ቤት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ጎብጦ ጋዜጣ ሲያነብ አይታ፣ "ቀጥ ይበሉ እንጂ፣ ወገብዎ ነው" አለችው። ሰውየው ዞር ብሎ አያት፣ ቀጥ አለ፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ምሰሶ መስሎ ሄደ። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ሁለት ቀን ተከታትላ የታየች እንደሆነ በሦስተኛው ቀን ተራ አስከባሪው ራሱ መጥቶ "ዛሬስ እንዴት እናድርጋቸው?" ይላታል።

እንዲህ ያለች ሴት በየቤቱ አለች። እህት ካልሆነች አክስት ናት፤ አክስት ካልሆነች ግድግዳ የምትጋራህ ጎረቤት ናት። የእኔዋን ከሌሎቹ የሚለያት አንድ ነገር ብቻ ነው። እትዬ ሰው የምትመታው በሙያ ነበር። ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ነበረች።

እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እኔ ሰባት፣ መንትያ እህቶቻችን አራት። አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ በወር ሁለት ሌሊት ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። ከቀብር በተመለስን በሳምንቱ እትዬ ትምህርቷን አቁማ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች። ምሳዋን ሳደርስላት አየው ነበር፤ ምድር ቤት ያለ፣ በእንፋሎት የታፈነ፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር የሆነ ክፍል ነው። ሦስት ትልልቅ ማሽኖች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ተበላሽቷል። ማሽኑ ያልጨመቀውን አንሶላ ሁለት ሴቶች ወዲህና ወዲያ ይዘው ይጠመዝዙታል። ከእትዬ ጋር መጠምዘዝ የሚፈልግ ግን አልነበረም። አንሶላውን ስትጠመዝዝ በወዲያኛው ጫፍ ያለችውን ሴትዮም አብራ ትጠመዝዛታለች።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። ቦክስ ቤታችን የገባው በእኔ ጥፋት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጎረምሳ መሆኔን ለማስመስከር በድብቅ አንድ የቦክስ ቤት ተመዘገብኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከንፈሬ ተሰንጥቆ ወደ ቤት መጣሁ።

"ማነው?" አለች እትዬ።

"ደረጃ ላይ ወድቄ ነው።"

"ደረጃው የት ነው የሚኖረው?"

በማግስቱ የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ እኔን በክርኔ ይዛ ከቦክስ ቤቱ ደረሰች። የድሮ መጋዘን ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ከጣሪያው ብረት ላይ አራት የቡጢ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። አሰልጣኙ ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ከአፉ የክብሪት እንጨት የማይለይ ሰው ነው። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንለው።

"ይሄን ልጅ ማን መታው?" አለች።

"እኔ ነኝ ያስመታሁት" አላት ጋሼ።

"ለምን?"

"ፊቱን አይከልልም።"

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። "ለምንድን ነው ፊትህን የማትከልለው?" አለችኝ። እንዲህ ነው ፍትሕ፤ ጠበቃዬን በአንድ ቃል ዐቃቤ ሕግ አደረጋት።

ጋሼ በንዴት የምትንተከተከውን ሴት ከእግር እስከ ራስ አያት። "በይ ይሄን ከረጢት አንድ ጊዜ ምቺው፤ ይወጣልሻል" አላት። መታችው። ከረጢቱ ሄዶ ሲመለስ ከኋላው ቆሜ የነበርኩትን እኔን ደረቴ ላይ አገኘኝና በቂጤ አስቀመጠኝ። የቦክስ ሕይወቴ እዚያ ላይ አበቃ።

ጋሼ የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ። "ምንድን ነው ሥራሽ?"

"ልብስ አጥባለሁ።"

"ስንት ዓመት?"

"አሥራ ሁለት።"

ብዙ አሰበ። "አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይተሻል" አለ። "ነገ ነይ።"

እሷ የሄደችው አሰልጣኙን ልታርመው ነው። ቤቱ ቆሻሻ ነው፣ ልጆቹ ውሃ አይጠጡም፣ ፎጣው ይሸታል። በመጀመሪያው ሳምንት ፎጣዎቹን በሙሉ ወስዳ አጠበች፤ በሁለተኛው ሳምንት መግቢያው ላይ ጫማ እንዲጠረግ አዘዘች፤ በሦስተኛው ጓንት አደረገች። ሁለት ዓመት አሰለጠናት፤ ወይም አሰለጠነችው። በሠላሳ አንድ ዓመቷ የመጀመሪያውን ግጥሚያዋን አደረገች።

ያን ቀን መንትዮቹን ግራና ቀኝ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ስከፍተው አልቋል። ተጋጣሚዋ በሁለተኛው ዙር በዝረራ ወለሉ ላይ ነች፤ እትዬ ደግሞ አጠገቧ ተንበርክካ "ቶሎ አትነሺ፣ ያዞርሻል" እያለቻት ነው። የመሐል ዳኛው መቁጠሩን ትቶ እትዬን ወደ ጥጓ ይገፋል፤ እትዬም እሱን "ቆይ አንዴ" ትለዋለች።

በአራተኛው ግጥሚያ በወሬ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። አዳራሹ የሰማውን ነው የምነግራችሁ። ተጋጣሚዋን "እጅሽን ከፍ አድርጊ፣ አገጭሽ ክፍት ነው" አለቻት። ልጅቷም እውነቷን ነው ብላ መሰለኝ ከፍ አደረገች። እትዬ ሆዷን መታቻት። ሲለያዩ "ሆድሽንም መርሳት የለብሽም" አለቻት። ያቺ ልጅ በኋላ ጥሩ ቦክሰኛ ሆነች፤ ዛሬም ድረስ እየደወለች ትጠይቃታለች።

ግጥሚያው ቅዳሜ ከሆነ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማጠቢያ ክፍሏ ናት። ዓይኗ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ አብጦ አንሶላ ትቆጥራለች። ሴቶቹ እንዲህ ሆና ሲያዩዋት መጀመሪያ ባል ያለባት መስሏቸው አዝነውላት ነበር። "ምን ሆነሽ ነው?" ሲሏት "ሥራ ነው" ትላለች። ደህና ቀን ነው፣ መጥፎ ቀን ነው፣ አሸንፋለች፣ ተሸንፋለች፤ መልሷ አንድ ነው። "ሥራ ነው።"

በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጋጠመች። አሥራ አምስቱን አሸነፈች፣ ሦስቱን በነጥብ ተሸነፈች፣ አንዱን አቻ ወጣች። ወድቃ አታውቅም። መንትዮቹ ኮሌጅ የገቡት በእሷ ቡጢ ነው፤ እኔም በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ከመቀጠሬ በፊት የተማርኩት በእሷው ነው። አባታችን ከመንገድ ሲመለስ፣ በየደረሰበት ከተማ "የቦክሰኛዋ አባት" እየተባለ እንደተጋበዘ ይነግረናል። በራሱ ስም ሠላሳ ዓመት ነድቶ ማንም ሻይ ያላለው ሰው ነው።

በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ለሻምፒዮንነቱ ቀበቶ እንድትጋጠም ተጠራች።

ሻምፒዮኗ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክንዷ ከመንገዱ ማዶ የሚደርስ። ጋሼ ጉልበቱ እየባሰበት ስለሄደ በዚያን ጊዜ የእትዬ ረዳት እኔ ሆኜ ነበር። ባልዲ እሸከማለሁ፣ በየዙሩ መሐል በርጩማ አቀርባለሁ። ያን ዕለት ጋሼ ፎጣውን አንገቴ ላይ ጣለና፣ "የእኔ እጅ ለቁስሏ ነው። ይሄን አንተ ያዝ፤ እኔ ስልህ ብቻ ትወረውራለህ" አለኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ከጥጉ ፎጣ ተወረወረ ማለት "በቃ፣ ተሸንፈናል" ማለት ነው።

እትዬ እንዲያ ስትጋጠም አይቼ አላውቅም። በዚያ ዕድሜዋ፣ ከዚያች ረጅም ልጅ ክንድ ሥር እየገባች እየወጣች አምስት ዙር ሙሉ መሐሉን ይዛ ሠራች። ሊያፌዝባት የመጣው ሰው እንኳ አፉን ይዞ ነበር። በስድስተኛው ዙር ግራ ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ጋሼ ቁስሉን ተጫነው፣ ቫዝሊን ቀባው፤ ደሙ ትንሽ ቆሞ እንደገና ፈሰሰ። በስምንተኛው ዙር ለማየት አንገቷን እያዞረች ነበር። በዘጠነኛው ሦስት የቀኝ ቡጢ ተከታትሎ አረፈባት፤ ሦስቱንም አላየቻቸውም።

በዚያች ቅጽበት እኔ የማየው ቦክሰኛ አልነበረም። ከእናታችን ቀብር ማግስት የመንትዮቹን ፀጉር እየጎነጎነች፣ እንዳናይባት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውን ልጅ ነው ያየሁት። ጋሼ ምንም አላለም። ሳይቃጠል በቅጠል አልኩና ፎጣውን ወረወርኩት።

ሪንጉ መሐል ወደቀ። የመሐል ዳኛው እጁን አወናጨፈ፣ ግጥሚያው ቆመ። እትዬ ፎጣውን አየችው። ቀጥሎ ጋሼን አየች፤ እሱ ሁለት ባዶ መዳፉን አሳያት። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ቅንድቧን ሰባት ቦታ ሰፋና በባትሪ ዓይኗን መረመረ። "ዓይኗ ደህና ነው። ደም ገብቶበት ነው እንጂ ምንም አልሆነም" አለ። ቆየት ብሎ የነጥብ ዳኞቹ ወረቀት ወጣ። በሦስቱም ዘንድ እትዬ ስትመራ ነበር። የቀረውን አንድ ዙር ተኩል በእግሯ ብትቆም ኖሮ ቀበቶው የእሷ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም።

ሰው ታላቅ እህቱ ዝም ብትለው እንዴት ደስ ይለው ይመስላችኋል። እኔም ከሃያ ስድስት ዓመት ትእዛዝ ዕረፍት አገኘሁ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ፤ ማንም አልጠራኝም። ፊቷ ሄጄ ሆን ብዬ ጎብጬ ተቀመጥኩ፤ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። አንድ እሑድ አንዱን ካልሲ ጥቁር፣ አንዱን ቡናማ አድርጌ ከፊቷ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዷ መንትያ አሳዘንኳት መሰለኝ "ካልሲህ" አለችኝ። እትዬ ግን ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። እንዲህ ሆድና ጀርባ ሆነን ሰባ አንድ ቀን ቆየን። ቆጥሬዋለሁ።

በሰባ አንደኛው ቀን ጋሼ ወደ ቦክስ ቤቱ አስጠራን። የመልስ ግጥሚያ ተፈቅዶላታል፤ ከሰባት ወር በኋላ፣ ከዚያችው ሻምፒዮን ጋር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ እትዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጇ ላይ ፋሻ ትጠመጥማለች።

"አንድ ነገር ግን እንነጋገር" አለ ጋሼ። "ረዳት እቀይርልሻለሁ። ልብ ያለው ልጅ አለኝ።"

"ይሄኛው ይሁን" አለች ቀና ሳትል።

"ቀበቶሽን የወረወረው እኮ እሱ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እና?"

ፋሻውን በጥርሷ አጠበቀችው። "እርስዎ ቦክሰኛዋን ነው የሚያዩት፤ ማየትም አለብዎት፣ ሥራዎ ነው። አዳራሹ ቀበቶውን ያያል። እዚያ ጥግ ላይ እኔን የሚያይ አንድ ሰው ይኑርልኝ።"

እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ፤ የሚያፈስበትን ቦታ የምመረምር መስዬ።

"አንተ" አለችኝ።

"አቤት እትዬ።"

"ከመወርወርህ በፊት ቁጠር።"

"እስከ ስንት?"

"እስከ አሥር ነዋ። ቦክስ አይደለም እንዴ?"

ሰባቱ ወር እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ማጠቢያ ክፍሉ የጠዋት ፈረቃ ሰጣት፤ ከሰዓት እስኪጨልም ትሠራለች። ጋሼ ከዚያች ክንደ ረጅም ጋር በሩቅ መጋጠም እንደማያዋጣት ነገራት፤ መጠጋት፣ ከደረቷ መለጠፍ፣ እዚያ ሆኖ ሆድና ጎኗን መሥራት። "ስትጠጊ ደግሞ ትመታሻለች" አላት። "ትምታኛ" አለችው።

የግጥሚያው ቀን ማጠቢያ ክፍሉ እንዳለ መጣ። አሥራ አንድ ሴቶች፣ የሥራ ሽርጣቸውን እንደለበሱ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ።

በአራተኛው ዙር ቀኝ ዓይኗ አበጠ። በስድስተኛው ግራውም። በሰባተኛው ዙር ሻምፒዮኗ ከሥር ያመጣችው ቡጢ አገጯ ላይ አረፈና እትዬ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች። በሃያ አንድ ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፎጣው እጄ ውስጥ ነው፤ ጋሼ ወደ እኔ አይመለከትም። የመሐል ዳኛው መቁጠር ጀመረ፣ እኔም አብሬው ቆጠርኩ። አራት ላይ ትከሻዋን ነቀነቀች። ስድስት ላይ መዳፏን ወለሉ ላይ አደረገች። ስምንት ላይ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከአንድ እስከ አሥር እንደቆጠርኩ ፈጣሪ ይወቀው፤ ስጨርስ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

የመጨረሻውን፣ አሥረኛውን ዙር ልንገራችሁ ብል ቃል ያጥረኛል። ምንም አታይም ነበር። በግንባሯ የሻምፒዮኗን ትከሻ ፈልጋ አገኘችና እዚያው ለጠፈችው። ልጅቷ ስትሸሽ አብራት ትሄዳለች፤ ወዴት እንደምትሄድ በግንባሯ ታውቀዋለች። እጇ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ሆድ፣ ጎን፣ ሆድ፣ ጎን። ንዴት የለበትም፣ ችኮላ የለበትም። ገና አሥራ አምስት አንሶላ የሚቀራትና ከመጨረሷ በፊት ወደ ቤቷ የማትሄድ ሴት ናት የምትመስለው። አዳራሹ መጀመሪያ ይጮህ ነበር፤ ቆይቶ ዝም አለ። ያን ያህል ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲያይ ሰምቼ አላውቅም። የሻምፒዮኗ እጆች ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ።

ደወሉ ተደወለ። ሁለት ዳኞች ለእትዬ፣ አንዱ ለሻምፒዮኗ።

በማግስቱ ጠዋት መንትዮቹ ሥራ ሄደው እኔ ቤት ቀረሁ። እትዬ አልጋዋ ላይ ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ ተዘጋ ሱቅ ናቸው። ሐኪሙ በሦስት በአራት ቀን ይከፈታሉ ብሏል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ እያቀያየርኩላት ነው።

"ዳኛው እጄን ሲያነሳው" አለች፣ "ምን ይመስል ነበር?"

"ምኑ?"

"ሁሉም ነገር። እኔ እኮ አላየሁም። ጨለማ ነበር።"

ይህ አልታሰበኝም ነበር። አምስት ዓመት ስትደክምለት የኖረችውን ነገር አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያየው እሷ ብቻ አላየችውም።

ነገርኳት። ማጠቢያ ክፍሉ ሽርጡን ፈትቶ ወደ ላይ እንደወረወረ ነገርኳት። መንትዮቹ ወንበር ላይ ቆመው አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ያስለቀሳትን ሰው ትፈልግ እንደነበር ነገርኳት። አባታችን የማያውቃቸውን ሰዎች እየዞረ ይጨብጥ ነበር። ጋሼ የክብሪት እንጨቱን ዋጠው።

"ዋጠው?"

"ዋጠው። ደህና ነው።"

"ልጅቷስ?"

"መጥታ አቀፈችሽ።"

"እሱንማ አውቄዋለሁ። ፊቷን ነው የምልህ።"

"ታለቅስ ነበር።"

"ጎኗን በረዶ ይያዙላት። ደውልና ንገራቸው።" ከዚያ፣ "አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"አንተ ምን አደረግክ?"

"ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ።"

"ውሃው ያለበት?"

"ውሃው ያለበት።"

ሳቀች። ከንፈሯ አመማት፣ ግን ሳቀች። እጇን ዘርግታ እየዳበሰች የሸሚዜን እጅጌ አገኘችና ያዘችው፤ ልጅ ሆኜ መንገድ ስታሻግረኝ እኔ የእሷን የምይዘው እንዲያ ነበር። አሁን ያዥዋ እሷ ናት።

"ድገምልኝ" አለች።

"የቱን?"

"ከመጀመሪያው።"

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስድስተኛው ዙር ላይ ስደርስ ትንፋሿ ከበደ፤ ሰባተኛው ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እጅጌዬን ግን አልለቀቀችውም፣ እኔም አላስለቀቅኳትም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እስከ መጨረሻው ነገርኳት።